ስሙን የለወጠ ካሜራ



በኮልፌ ቀራንዮ መንደሮች «ቁራሌው!» የሚለው ጥሪ ለማንም እንግዳ አይደለም። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው አነጋገር አጥሮ የመጣ ነው፤ ጠሪውም ያረጀ ዕቃ ከየቤቱ እየገዛ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደርሳል። ይሁን እንጂ በጆንያው ከሚገባው ዕቃ መካከል ታሪክ የሚናገር አይታጣምና፥ ከመሸጥ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ለዚህም ዲስክ ካሜራ የሚባለውን በምሳሌነት እናነሣለን።

በአገራችን ፎቶግራፍ ማንሣት አስቀድሞ የባለሙያ ሥራ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም በሙያው ተተክተዋል። ዲስክ ካሜራ ግን ሙያው ለሌለው ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ በ1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1982) ሲያወጣው፥ ፊልሙ በጥቅል ፈንታ እንደ ሰሐን ክብ ሆኖ 15 ፎቶግራፍ ይይዝ ነበር። ነገር ግን የያንዳንዱ ምስል ስፋት 8 በ10 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለ ነበረ፥ በትልቁ ሲታተም ጥራቱን ያጣ ነበር። ኮዳክም ካሜራውን መሥራት በ1980 ዓ.ም.፥ ፊልሙን መሥራት ደግሞ በ1992 ዓ.ም. አቆመ።

ዛሬ ሰብሳቢዎች ይህን ካሜራ የሚሹት የስሙን ምሥጢር ለመመርመር ጭምር ነው። የሆንግ ኮንጉ ሀኪንግ ፋብሪካ የሚሠራቸውን ካሜራዎች ሃሊና በሚለው በራሱ ስም እንደሚሸጥ ሁሉ፥ አንስኮ በሚለው አሮጌ የአሜሪካ ስምም ይሸጥ ነበር። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የዕቃን ስም ግን ብዙ ጊዜ ነጋዴ ያወጣዋል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሽፋኑን ብቻ አይቶ ስለ መዝገቡ እንደማይመሰክር ሁሉ፥ ሰብሳቢም ከፊት ለፊቱ ስም አልፎ ሌንሱንና የባትሪውን ቦታ ያስተያያል፤ የተሠራበትንም አገር ያነባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ክቡ ፊልም ነው። ካሜራው ቢጠፋ ሌላ ይገኛል፤ በፊልሙ ላይ ያለው የሰርግና የክርስትና ቀን፥ በሞት የተለየ ወላጅም መልክ ምትክ የለውም። የታጠበውን ፊልም በደረቅና በጨለማ ስፍራ ማኖር፥ በስካነርም ማስገልበጥ ይቻላል። ያልታጠበ መሆኑ ከተጠረጠረ ደግሞ ብርሃን እንዳያጠፋው ካሜራውን ሳይከፍቱ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል።

ስለዚህ ቁራሌው ከደጃችን ሲጣራ፥ በር ከመክፈታችን በፊት መሳቢያችንን እንፈትሽ።