የወጣት ሙዚቀኛ ውጣ ውረድ
ከአርባ ልጆች እስከ ትምህርት ቤት ባንድ

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐይቅ ዳር የተቈረቈረች በመሆኗ ከኢትዮጵያ ዐበይት ከተሞች መካከል በዕድሜ ለጋ ናት። በምድሯ ላይ የሚሰማው ዜማ ግን ከከተማዋ እጅግ ይቀድማል። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፊቼ ጨምበላላን በጉዱማሌ አደባባይ ሲያከብር ዘፋኙ ራሱ በዓል አክባሪው ሕዝብ ነው። እንዲህ ባለው የጋራ ዘፈን ውስጥ «ይህ ሙዚቀኛ ነው» ተብሎ ተለይቶ የሚከበርም ሆነ የሚናቅ ሰው አይገኝም። በዚያችው ከተማ በትምህርት ቤት ባንድ ገብቶ ጥሩምባ የሚያነሣ ልጅ ግን ሌላ ታሪክ ይወርሳል። የዚህ ታሪክ መነሻው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ዋና ጥያቄውም በመሣሪያው የሚተዳደር ሰው በቤተ ዘመዱና በአገሩ ዘንድ ክብር አለውን የሚል ነው።

በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ የነበረው የቀድሞ ልማድ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ አንድ ወጥ አልነበረም። ነጋሪት፣ እምቢልታና መለከት የነገሥታትና የመኳንንት የማዕርግ ምልክቶች ነበሩ። በገናን መኳንንትና ካህናት ለጸሎትና ለተመስጦ ይደረድሩት ነበር፤ በገና የደረደረ ጌታም ክብሩ አይጐድልበትም። ማሲንቆውን ይዞ ከግብዣ ወደ ግብዣ የሚዞረው አዝማሪ ግን፣ ቅኔውና ቀልዱ እየተወደደለት፣ ስሙ ለስድብ ይውል ነበር። ከዚህ እንደሚታየው ንቀቱ በዜማው ላይ ሳይሆን በዜማው እንጀራ በሚበላው ሰው ላይ ነው። ልጁ ሙዚቀኛ ልሁን ሲል አባት የሚደነግጠውም ልጁ ስለ ዘፈነ ሳይሆን በዘፈን ሊያድር ስላሰበ ነው።

ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከሩሲያ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ለሰልፍ የሚሆን ባንድም ተቋቋመ። አዲሱ መሣሪያ በአንድ በኩል ለአገሩ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ ስለሌለው አንዱ እምቢልታ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ዜማው የሚሟላው ሦስት ነፊዎች በየተራ ድምፃቸውን ሲያገጣጥሙ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ጠብቆ ከባልንጀራው ጋራ አንድ ዜማ ማውጣት ከባንዱ በፊት የታወቀ ጥበብ ነበረ። አዲስ የሆነው ሙዚቃው በኖታ መጻፉና ሙዚቀኛው የመንግሥት ልብስ ለብሶ ደመወዝ መቀበሉ ነው።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮጳ ለመሄድ ተነሥተው ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፣ በዚያ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ ልጆች በባንድ ሲጫወቱ ሰሙ። ልጆቹ በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን ግዛት ከጀመረው እልቂት የተረፉ፣ አባትና እናት የሌላቸው ነበሩ። አልጋ ወራሹም ከአርመን ፓትርያርክ ጋራ ተስማምተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ እስከ ዛሬም «አርባ ልጆች» በሚል ስም ይታወሳሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥት መንግሥቱን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ይህ ዜማ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተሰማ፤ እስከ አብዮቱም ዘመን ድረስ ተማሪ ሁሉ በሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆሞ ዘመረው።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። የአርባው ልጆች ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ንጉሣዊ ቸርነት ነው፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ለመንግሥቱ ክብር የሚነፋውን ጥሩምባ በእጃቸው የያዙት ልጆች «አዝማሪ ልትሆን ነውን?» ብሎ የሚከለክል አባት በሕይወት ያልቀረላቸው ነበሩ። አገሬው የራሱን ልጅ ለመስጠት በሚያመነታበት ሥራ ላይ ወላጅ አልባው መጻተኛ ገብቶ መንገዱን ጠረገው።

የመንገዱ ድካም በየዕለቱ የሚታይ ነው። ጥሩምባ ሦስት መርገጫዎች ብቻ አሉት፤ ሌላውን ድምፅ ሁሉ የሚያወጡት ከንፈርና ትንፋሽ ናቸው። ጀማሪው ልጅ አስቀድሞ የሚያገኘው ዜማ ሳይሆን የሚንቀጠቀጥ ጩኸት ነው። ከንፈሩ ከደከመ ትናንት የወጣለት ከፍተኛ ድምፅ ዛሬ ይከዳዋል፤ ልምምዱን ጥቂት ቀን ከተወ የሰበሰበው ኀይል ይላላል። ጆሮው በትዝታና በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፆች ካደገ፣ በኖታ የተጻፈው የሰባት ድምፅ መሰላል አዲስ ቋንቋ ይሆንበታል። በዚህ ሁሉ ላይ ከበሮው ሲቀድም ወይም አንዱ ነፊ ሲዘገይ ስሕተቱ የሁሉም ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ የባንድ ልጅ ከዜማው በፊት የሚማረው ባልንጀራውን ማዳመጥ ነው።

የጠላት ወረራ ያቋረጠው ሥራ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ሲታደስ፣ ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስና የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የየራሳቸውን የሙዚቃ ጓድ አደራጁ። በ1927 ዓ.ም. የተወለደው ጌታቸው መኩሪያ ክራርና ማሲንቆ ሲጫወት ካደገ በኋላ በ1941 ዓ.ም. ገደማ ገና ወጣት ሳለ የማዘጋጃ ቤቱን ጓድ ተቀላቀለ፤ ቈይቶም ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ አለፈ። የእርሱ ዋና ሥራ የጦረኛውን ሽለላ ወደ ሳክስፎን ማሻገሩ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው መሣሪያ በእርሱ እጅ የአባቶችን ፉከራ ተናገረ።

በአንጻሩ የጥላሁን ገሠሠ ልጅነት በቤትና በሙዚቃ መካከል የነበረውን ትግል ያሳያል። በወሊሶ የራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ርእሰ መምህሩ ዝንባሌውን አይተው አበረታቱት፤ አያቱ ግን ትምህርቱን ብቻ እንዲከተል ፈለጉ። ልጁም እስከ ቱሉ ቦሎ በእግሩ ኮበለለ፤ ከዚያ ቢመለስም እንደ ገና ጠፍቶ አዲስ አበባ ገባ። በሀገር ፍቅር ጀምሮ ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ ገባ። አያቱን በከንቱ ፈሩ ማለት አይቻልም፤ ጊዜያቸው የሚያውቀው ሙዚቀኛ ደጅ የሚጠና ነበርና።

ደግሞም የመንግሥት ልብስ ክብርን ሲሰጥ ነጻነትን ይወስዳል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ በከሸፈ ጊዜ ጥላሁንም ከታሰሩት አንዱ ሆነ። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ጓዶች ለብዙ ወጣቶች መሣሪያ የመያዝ ዕድል ሰጡ፤ የሚዘመረውን የሚወስነው ግን አብዮቱ ነበር። አዝማሪው ንቀት ቢደርስበትም ጌታውን በቅኔ መውጋት ይችል ነበር፤ የባንዱ ሰው ደመወዝና ማዕርግ ሲያገኝ ይህ ፈቃድ ቀረበት።

ጥላሁን በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ በመንግሥት ሥነ ሥርዐት በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ኰብልሎ የወጣው ልጅ በአገር ታጅቦ ተመለሰ። ሆኖም ይህ ክብር ለአንድ ታላቅ ሰው በመጨረሻው ቀን የተሰጠ እንጂ ለጀማሪ ሁሉ የተከፈተ በር አይደለም። በሐዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ ጥሩምባውን አንሥቶ ከንፈሩ የደከመበት ተማሪ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ጥያቄ ያው የቀድሞው ነው። ለአርባው ልጆች ጥያቄውን የሚያነሣ ወላጅ አልነበራቸውም፤ ጥላሁን ሸሸው። የትምህርት ቤት ባንድ ከቀደሙት የሚለየው ወላጁ በሕይወት እያለ፣ ልጁም ከቤቱ ሳይኰበልል ሙዚቃን ሊማር መቻሉ ነው። አባት በሰልፍ ቀን ከሕዝቡ መካከል ቆሞ የልጁን ጥሩምባ ሳያፍር የሰማ እንደ ሆነ፣ አሮጌው ጥያቄ ቢያንስ በዚያ ቤት መልሱን አገኘ ማለት ነው።