የቁርጡባ መስጂድና ማዕድ

ዛሬ የምንዘልቀው እስፔን፣ ቁርጡባ (ኮርዶባ) ነው።

የብርቱካኑን ግቢ አልፎ የሚገባን ሰው ከ850 የሚበልጡ ምሰሶዎች ይቀበሉታል። መስጂዱን ቀዳማዊ ዐብዱረሕማን እ.ኤ.አ. በ785 ገደማ አስጀመሩት። ከተማዋ በ1236 በፈርዲናንድ 3ኛ እጅ ስትወድቅ ቤተ ክርስቲያን ተደረገ፤ በ1523 ደግሞ መሐሉን አፍርሶ ካቴድራል መሥራት ተጀመረ። የከተማዋ ምክር ቤት እንኳ ተቃውሞ ነበር! ንጉሥ ካርሎስ ግን ፈቀዱ። ዛሬ ሙስሊም ትኬት ቆርጦ ይጎበኛል፤ ሶላት መስገድ ግን አይፈቀድለትም።

ምግብ ቤት ስንገባስ? ሳልሞሬሆ የሚሉት ቀዝቃዛ ሾርባ ከቲማቲም፣ ከዳቦ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከወይራ ዘይት ይሠራል። የአሳማ ሥጋ ስለሚነሰነስበት አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ዘይቱን «አሴይቴ»፣ ስኳሩን «አሱካር»፣ ሩዙን «አሮስ» ይሉታል፤ ሁሉም ከዐረብኛ የቀሩ ናቸው። እኛስ ሱቅ ስንሄድ ምን ብለን ነው የምንጠይቀው?