ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሦስት ቀን የመኪና ጉዞ፦ የዕቅድ መመሪያ

ይህ መረጃ የሕዝብ በዓል ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሲገጥም በራሳቸው ወይም በተከራዩት ተሽከርካሪ ከአዲስ አበባ ተነሥተው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለመጎብኘት ለሚያስቡ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ፓርኩ ከአዲስ አበባ በግምት 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሦስት ቀን አንድን ፓርክ በሚገባ ለማየት ይበቃል፤ ሁለትና ሦስት ቦታ ለማዳረስ ግን አይበቃም። በአጭር ጊዜ ብዙ ለማየት የሚወጣ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ጉዞ ይጠናቀቃል፤ የሌሊት ጉዞ ደግሞ ለተጓዡም፣ ለእግረኛውም፣ ለዱር እንስሳቱም አደጋ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ዕቅድ በብርሃን ብቻ መንዳትን መሠረት ያደረገ ነው።

ስለ ፓርኩ በአጭሩ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ስፋቱ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የቱሉ ዲምቱ ተራራ (4,377 ሜትር) በዚሁ ፓርክ ይገኛል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ በመላው አገሪቱ ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል፤ ከዚህም ውስጥ ትልቁ ድርሻ በባሌ ተራሮች ላይ ነው። የደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና የባሌ ጦጣም የሚታዩት እዚሁ ነው። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሡ ወንዞች በቆላው ለሚኖር እጅግ ብዙ ሕዝብ የውኃ ምንጭ ናቸው።

መቼ መሄድ ይመረጣል?

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ በአንጻራዊነት ደረቅ በመሆኑ ለመኪና ጉዞ ይመቻል። የገና፣ የጥምቀትና የዓድዋ ድል በዓላት በዚህ ወቅት ይውላሉ። በዓሉ ዓርብ ወይም ሰኞ ከዋለ የሦስት ቀን ዕረፍት ይገኛል፤ ሐሙስ ወይም ማክሰኞ ከዋለ አንድ ቀን የዓመት ፈቃድ በመጨመር አራት ቀን ማድረግ ይቻላል። ስቅለት ምንጊዜም ዓርብ ስለሚውል ሦስት ተከታታይ ቀናት ያስገኛል፤ ሆኖም በዚያን ሰሞን ዝናብ ሊኖር ስለሚችል የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በበዓላት ዋዜማ ወደ ገበያ የሚነዱ ከብቶችና በጎች በመንገድ ላይ ስለሚበዙ አሽከርካሪዎች ፍጥነታቸውን ሊቀንሱ ይገባል።

ከመነሣትዎ በፊት

• መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ያልተቃጠለ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን በተሽከርካሪው ውስጥ መኖራቸውን ያረጋግጡ። ሁሉም ተጓዦች መታወቂያ ይያዙ።
• ወደ ሳነቴ አምባ የሚወስደው መንገድ ጠጠር በመሆኑ ከፍ ያለና በአራቱም ጎማ የሚነዳ ተሽከርካሪ ይመረጣል። ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ይያዙ።
• የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ስለሚፈጸም የሞባይል ሒሳብዎን አስቀድመው ያዘጋጁ። ለመግቢያና ለአነስተኛ ወጪዎች ጥሬ ገንዘብም ያስፈልጋል።
• በዲንሾ፣ በሮቤና በጎባ ማረፊያ ይገኛል፤ በበዓል ሰሞን ቀድሞ መያዝ ይገባል።
• በሚያልፉባቸው አካባቢዎች ያለውን ወቅታዊ የጸጥታና የመንገድ ሁኔታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ከአካባቢው አስተዳደር ይጠይቁ። ምላሹ አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞውን ወደ ሌላ ጊዜ ያስተላልፉ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከአዲስ አበባ ወደ ዲንሾ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሣት ይመከራል። በአዳማ የፍጥነት መንገድ ተጉዞ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ዲንሾ መድረስ ይቻላል። መንገዱ የአርሲን የስንዴና የገብስ ማሳዎች ያቋርጣል። በቆጂ እነ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ያፈራች የአትሌቶች ከተማ ናት፤ ለምሳም ለአጭር ዕረፍትም ትመቻለች።

ዲንሾ ከመድረስዎ ጥቂት ቀደም ብሎ መንገዱ የጋይሳይን የሣር ሜዳ ያቋርጣል። የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ስለሚሰማሩና ድንገት ስለሚሻገሩ ፍጥነት መቀነስ ግዴታ ነው። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት በዲንሾ ይገኛል። የመግቢያ ክፍያ እዚያው ፈጽመው ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ደረሰኙ በሌሎች ኬላዎች ሊጠየቅ ይችላል። አስጎብኚም በዚሁ ስፍራ ይገኛል። ጊዜ ከተረፈ በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው ደን በእግር መዘዋወር የደጋ አጋዘንን በቅርብ ለማየት ያስችላል።

ዲንሾ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የመጀመሪያውን ሌሊት እዚህ ማደር ሰውነት በማግሥቱ ለሚጠብቀው ከፍታ እንዲለማመድ ይረዳል።

ሁለተኛው ቀን፦ ሳነቴና ሐረና

ማለዳ ተነሥተው በሮቤ በኩል ወደ ጎባ ይሂዱ፤ ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሳነቴ ላይ ነዳጅ ስለማይገኝ በሮቤ ወይም በጎባ ታንከሩን ይሙሉ። ከጎባ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ የጥድ፣ የኮሶና የአስታ ደን አቋርጦ ከ4,000 ሜትር በላይ ወዳለው የሳነቴ አምባ ያደርሳል።

ቀይ ቀበሮ ከብዙዎቹ ሥጋ በል እንስሳት በተለየ ቀን ያድናል። ዋና ምግቡ በአምባው ላይ የሚኖሩት የአይጥና የፍልፈል ዝርያዎች በመሆናቸው በጅብራው መካከል በጸጥታ ሲያደባ ሊታይ ይችላል። ሲያዩት መኪናውን በመንገዱ ዳር አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ ከውስጥ ሆነው ይመልከቱ። ወርዶ መከተል እንስሳውን ከአደኑ ያስተጓጉላል።

ከአምባው ማዶ መንገዱ ወደ ሪራ መንደርና ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ሐረና የቀርከሃ፣ የጫካ ቡናና የማር አገር ነው፤ ቀርከሃ የሚመገበው የባሌ ጦጣም የሚታየው በዚሁ ነው። ከሪራ የሚመለሱት ከቀኑ 9 ሰዓት ሳያልፍ ሊሆን ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ጉምና በረዶ አምባውን ሊሸፍኑት ይችላሉ። በከፍታው ምክንያት ከባድ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር ያጋጠመው ሰው ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ አለበት። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች ከጉዞው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ሦስተኛው ቀን፦ መልስ

በዶዶላ፣ በኮፈሌና በሻሸመኔ በኩል ሲመለሱ ያልተጓዙበትን መንገድ ያያሉ። ከባቱ ጀምሮ እስከ ሞጆ የፍጥነት መንገድ አለ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሳያልፍ ከተነሡ ሳይመሽ አዲስ አበባ መግባት ይቻላል።

አራተኛ ቀን ካለዎት

ከሚከተሉት አንዱን ብቻ ይምረጡ።

የአቢያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ በመልስ ጉዞው መንገድ ዳር ይገኛል። የሻላ ጥልቀት 266 ሜትር ሲሆን፣ አጠገቡ ያለው አቢያታ ጥልቀት የሌለውና ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሸሸ ያለ ሐይቅ ነው። ውኃው የለቀቀው መሬት ደረቅ ቢመስልም ውስጡ ረግረግ ስለሆነ መኪና ወደ ዳርቻው ማስጠጋት አይገባም።

የሶፍ ዑመር ዋሻ ከሮቤ በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የዌብ ወንዝ ኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ የሠራው ይህ ዋሻ በአካባቢው ሙስሊሞች ዘንድ የተከበረ ስፍራ ነው። ያለ አካባቢው መሪ መግባትና ወንዙ በሞላበት ጊዜ መሞከር አይፈቀድም።

በፓርኩ ውስጥ ሊጠበቁ የሚገባቸው ደንቦች

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም በአዋጅ ይመራል። ጎብኚዎች የሚከተሉትን ያክብሩ፦

• ውሻ ይዘው አይምጡ። ከውሾች የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ሌሎች ወረርሽኞች በተለያዩ ዓመታት ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ገድለዋል።
• እንስሳትን አይመግቡ፤ የምግብ ትርፍራፊና ፕላስቲክ ይዘው ይመለሱ።
• ከተሠራው መንገድ ውጭ አይንዱ። የፍልፈሎቹ ጉድጓዶች ሲፈርሱ የቀበሮው ምግብ ይጠፋል።
• ከተፈቀደ ቦታ ውጭ እሳት አያንድዱ። የአስታ ደን በቀላሉ ይቀጣጠላል።
• ያለ ፈቃድ ድሮን አያብርሩ።
• የአካባቢውን ነዋሪ ፎቶግራፍ ከማንሣትዎ በፊት ፈቃዱን ይጠይቁ።

አደጋ ሲያጋጥም

በሳነቴና በሐረና የስልክ አገልግሎት የሚቋረጥባቸው ቦታዎች አሉ። ስለዚህ ከጎባ ከመነሣትዎ በፊት የሚመለሱበትን ሰዓት ለማረፊያዎ ወይም ለቤተሰብዎ ያሳውቁ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 ነው። የተጎዳ የዱር እንስሳ ወይም የተለየ ጠባይ የሚያሳይ ውሻ ካዩ ሳይጠጉ ቦታውንና ሰዓቱን መዝግበው በአቅራቢያው ላለው የፓርክ ጥበቃ ሠራተኛ ያመልክቱ። ወረርሽኝ ሳይዛመት ለመከላከል የሚቻለው እንዲህ ያለ ጥቆማ በጊዜ ሲደርስ ነው።