የዳህናው ጸሐፊ

ስሙኝማ! በዋግ ምድር፣ ከሰቆጣ ማዶ፣ ዛሬ አምደ ወርቅ ከተማዋ የሆነች ዳህና አለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1214 ግድም በዚያች አገር አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙ ኢየሱስ ሞዓ። የዋግ ነገር ሲነሣ የገዢዎቹ የዋግሹሞች ዝና ነው የሚወራው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ አንድ የብዕር ሰው ነው።

ኢየሱስ ሞዓ ሠላሳ ዓመት ሲሞላቸው ትግራይ ተሻግረው ደብረ ዳሞ ገቡ። ዳሞን ያየ ያውቀዋል፤ ቀጥ ያለ ገደል፣ መውጫው ጠፍር። በዚያ አምባ ላይ በአባ ዮሐኒ እጅ መነኮሱ፤ ቁም ጽሕፈትም ተማሩ።

ቁም ጽሕፈት እንዲሁ መጻፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ! በጸሐፊዎቻችን ወግ የፍየሉ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ ይወጠራል፣ ጠጉሩና ስቡ እስኪለቅ ይፋቃል፤ ብራና የሚሆነው ከዚያ ወዲያ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻ ነው፤ ከተቆላ እህል ጋር ተወቅጦ፣ ተበጥብጦ ወራት ይከርማል። ከዚያ ብራናው በወስፌ ይሰመራል፤ መቃው ይቀረጻል። ጸሐፊው ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የቀለሙን ቀንድ መሬት ተክሎ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ያቆማል። የእመቤታችን ስም ላይ ሲደርስ መቃ ይለውጣል፤ ቀይ ይነክራል። ከሳተ በካራ ፍቆ እንደገና ይጽፋል። ዓይንና ወገብ የሚበላ ሥራ ነው!

አባታችን በዳሞ ዓመታት ቆይተው፣ በ1248 ግድም ወደ ወሎው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መጡ። መንገዱን የመራቸው ገብርኤል ነው ይባላል። እኔን ግን ከመንገዱ ይልቅ የሚደንቀኝ እዚያ ደርሰው ያደረጉት ነው። በገዳሙ ደሴት ላይ ተማሪ ሰበሰቡ፣ መጻሕፍት አከማቹ፣ ገዳሙን ትምህርት ቤት አደረጉት። በ1280/81 ለእስጢፋኖስ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ውስጡ የወንጌላውያኑ ሥዕል አለ፤ የእሳቸውም መልክ፣ ስማቸው ተጽፎበት፣ አብሮ አለ። በቁማቸው እያሉ መሆኑ ነው እንግዲህ! የዋግ ሰው ይህን ለልጁ ሊነግረው ይገባል።

ከደቀ መዛሙርታቸው አቡነ ኂሩተ አምላክ ጣና ገብተው ዳጋ እስጢፋኖስን አቀኑ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእሳቸው ዘንድ ተምረው ኋላ ሸዋ ገቡ። መምህራቸው ግን ሐይቅ ላይ እንደጸኑ በ1293 ግድም፣ ኅዳር 26 ቀን አረፉ።