ፒሲአር ትክክለኛውን ቦታ መምረጥ እንዴት ቻለ?

ስለ ፒሲአር አጀማመር አንብባችሁ ከሆነ ኬሪ ሙሊስን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሌሊት መኪና እየነዳ ሳለ ዲኤንኤን ደጋግሞ የማባዛት ሐሳብ መጣለት፤ በ1993 ደግሞ የኖቤል ሽልማት አገኘ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ጥያቄ አለ። የሰው ዲኤንኤ 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት። ታዲያ ከዚህ ሁሉ መሐል የምንፈልገው ክፍል ብቻ እንዲባዛ የሚያደርገው ምንድን ነው?

መልሱ ፕራይመር ነው። ፕራይመሮች ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ 20 ፊደል ገደማ የሚረዝሙ የዲኤንኤ ቁራጮች ናቸው። አንዱ በምንፈልገው ክፍል በአንደኛው ጫፍ፣ ሌላው በሌላኛው ጫፍ ይጣበቃል፤ ኢንዛይሙም መቅዳት የሚጀምረው ከነሱ ነው። ያለቦታቸው ከተጣበቁ ያንኑ ይቀዳል። ቅጂው በየዙሩ እጥፍ ስለሚሆን ስህተቱም አብሮ ይባዛል።

የ37 ዲግሪ ችግር

በ1985 የሲተስ ኩባንያ ተመራማሪዎች ፒሲአርን ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ ለመለየት መጠቀማቸውን አሳተሙ። በሽታው የሚመጣው ቤታ ግሎቢን በሚባለው ጂን ላይ በኤ ፋንታ ቲ ስትገባ ነው። የአንዲት ፊደል ጉዳይ ነው እንግዲህ።

ያኔ ይጠቀሙበት የነበረው ከኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የተገኘ ኢንዛይም ሲሆን የሚሠራው በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። የዲኤንኤውን ሁለት ክሮች ለመለያየት ሙቀቱ ወደ 95 ሲወጣ ኢንዛይሙ ስለሚበላሽ በየዙሩ አዲስ መጨመር ግድ ነበር። ይህ አድካሚ ነው፤ የባሰው ችግር ግን ሌላ ነው። በ37 ዲግሪ በከፊል ብቻ የሚገጥም ፕራይመርም ተጣብቆ ይቆያል። ስለዚህ የማይፈለግ ቅጂ ይበዛ ነበር።

በ1988 ያው ቡድን ታክ በተባለ ኢንዛይም መሥራቱን አሳወቀ። ታክ የተገኘው ቶማስ ብሮክና ሃድሰን ፍሪዝ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከየሎውስቶን ፍል ውኃ ካገኙት ባክቴሪያ ነው። ሙቀት ስለሚችል ድካም ቀነሰ። ከዚያ በላይ ግን ፕራይመሩ በከፍተኛ ሙቀት እንዲጣበቅ አስቻለ፤ በደንብ ያልገጠመው ተላቅቆ ይወድቃል።

ስሌቱ

ሙቀቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ፕራይመሩም መመረጥ አለበት። መጀመሪያ ርዝመቱን እንይ። በአራት ፊደላት 10 ፊደል ያለው ፕራይመር በአንድ ሚሊዮን ገደማ መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ 3 ቢሊዮን ፊደላት ውስጥ በአጋጣሚ ብቻ ሦስት ሺህ ጊዜ ያህል ሊገኝ ይችላል። በ20 ፊደል ግን አማራጩ ከአንድ ትሪሊዮን ይበልጣል። ሁለተኛው የፊደላቱ ስብጥር ነው፦ ጂና ሲ በሦስት፣ ኤና ቲ በሁለት የሃይድሮጅን ቦንድ ስለሚያያዙ ጂና ሲ የበዛበት ፕራይመር የሚላቀቀው በከፍተኛ ሙቀት ነው።

ሦስተኛው ጫፉ ነው። ኢንዛይሙ የሚቀጥለው ከፕራይመሩ የመጨረሻ ፊደል ነው፤ እሷ ካልገጠመች መቅዳቱ በጣም ይከብደዋል። በ1989 ብሩስ ዋላስና ባልደረቦቹ ይህንኑ ለሲክል ሴል ተጠቀሙበት። አንዱን ፕራይመር በጤነኛው ፊደል፣ ሌላውን በተለወጠው ፊደል እንዲያበቃ አድርገው በተለያየ ቱቦ ሞከሩ። ጤነኛው ብቻ ከተባዛ ሰውየው ጂኑን አልወረሰም፤ የተለወጠው ብቻ ከተባዛ በሽታው አለበት፤ ሁለቱም ከተባዙ ተሸካሚ ነው። በ1985 ከማባዛቱ በኋላ ተጨማሪ ሥራ ይጠይቅ የነበረውን መልስ አሁን ፕራይመሩ ራሱ ሰጠ።

ዛሬ ይህን ስሌት እንደ ፕራይመር 3 ያሉ ፕሮግራሞች በሰከንዶች ይጨርሱታል። ጥንቃቄው ግን አልቀረም። የምትመረምሩት ቫይረስ ልክ ፕራይመሩ ጫፍ ላይ ፊደል ከለወጠ፣ ቫይረሱ እያለ ምርመራው «የለም» ሊላችሁ ይችላል። ስለዚህ ትናንት በትክክል የመረጠ ፕራይመር ዛሬም መፈተሽ አለበት።