የጎንደር ሲሚንቶና የግቢያችን አጥር

በ2017 ዓ.ም. የፋሲል ግቢ ጥገና ፎቶዎች በየገጹ መውጣት ሲጀምሩ አገሩ ሁሉ ግንበኛ ሆኖ ነበር። ቀለም ቀቡት ያለ አለ፤ ታሪኩን አጥበው ጣሉት ያለ አለ፤ በሲሚንቶ ለሰኑት ብሎ የማለም አለ። የጥገናው ባለሙያዎች ነጣ ብሎ የታየው ኖራ ነው፣ ግንቡ ድሮም የተሠራው በዚሁ ነው ብለው መለሱ። ክርክሩ ግን እንደ ልማዳችን ወደ ፖለቲካ ዞረና ዋናው ጥያቄ መንገድ ላይ ቀረ። ኖራ ሆነ ሲሚንቶ ሆነ ምን ለውጥ ያመጣል?

ብዙ ለውጥ ያመጣል። ለጎንደር ብቻም አይደለም፤ የኮሪደር ልማት ሳይደርስበት ለተረፈው ለእናንተም አጥር ነው። ስለ ፋሲል ግቢ ሲከራከር ያመሸው ሰው በማግስቱ የገዛ ግቢውን አጥር ስንጥቅ በአንድ ጣሳ ሲሚንቶ መርጎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ክረምት አልፎ ሲያየው ስንጥቁ እዚያው ነው፤ እንዲያውም ሰፍቶ ይጠብቀዋል። ሲሚንቶው ተበርዟል፣ ግንበኛው ሌባ ነው ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ከጎንደር በፊት የሀገራችን ግንበኛ ድንጋይን ከድንጋይ የሚያያይዘው በአብዛኛው በጭቃ ነበር። አክሱማውያን ታላላቅ ሕንፃዎቻቸውን ያቆሙት በጭቃ ምርጊትና ግንቡን ከውስጥ በሚያስረው እንጨት ነው። ኖራ በሰፊው የገባው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ዘመኑን የጻፈው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ መጀመሪያ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ የለየው ከሕንድ የመጣ ሰው ነበር። ልጃቸው አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከሀገር አስወጡ፤ ኖራውን ግን አስቀሩት። 900 ሜትር ያህል የሚዞረውና 12 በሮች ያሉት የፋሲል ግቢ አጥር የቆመው በእሱ ነው። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይም እንዲሁ። አስጎብኚዎች እንቁላል ገብቶበታል ይላሉ፤ ይግባበትም አይግባበትም፣ ሸክሙን የተሸከመው ኖራው ነው።

የኖራ ጠባይ የሚገርም ነው። ድንጋዩ በእሳት ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣለታል፤ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ግንብ ውስጥ ሲገባ ያጣውን ጋዝ ከአየር ቀስ እያለ እየመለሰ ዳግም ድንጋይ ይሆናል። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ከደረቀም በኋላ ለስላሳ ነው። ዝናብ ያስገባል፤ ፀሐይ ሲወጣ ያስገባውን ያስወጣል። ግንቡ በቀን ሙቀት ሲለጠጥና በሌሊት ብርድ ሲኮማተር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቢሰነጠቅ ስንጥቁ ጸጉር ያህል ነው፤ ውሃ ይዞት በሚገባው ኖራም ቀስ በቀስ ራሱን ይደፍናል። ድክመቱ ነው ሥራው ማለት ይቻላል። አንድ ነገር መሰንጠቅ ካለበት ድንጋዩ ሳይሆን እሱ ይሰነጠቃል።

ሲሚንቶ የመጣው ከሌላ ፍላጎት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ስሚተን እ.ኤ.አ. በ1756 ባሕር መሀል አለት ላይ የመርከብ መብራት ማማ እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ ማዕበል እየመታው የሚጠጥር ማያያዣ ፈለገ፤ ሸክላ አፈር የተቀላቀለበት የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ውሃ ውስጥም እንደሚጠጥር አረጋገጠ። በ1824 ጆሴፍ አስፕዲን የሚባል የሊድስ ግንበኛ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ብሎ የሰየመውን ምርት በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ ከረጢቱ ላይ የምናነበው ስም የእሱ ነው፤ ፖርትላንድ በዘመኑ የተከበረ የግንባታ ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ስለሆነ፣ ነገሩ ማስታወቂያ ነበር። በኋላ የመጡት ይበልጥ በጋለ ምድጃ እያቃጠሉ አጠነከሩት። ኖራ በዓመታት የሚሠራውን ሲሚንቶ በሳምንታት ሠራው። ዓለም ቢማረክበት አይፈረድም።

ሲሚንቶ ውስጥ ብረት መክተት ግን በቤተ መንግሥትም በወደብም አልተጀመረም። አንዱ መነሻው የአትክልት ቦታ ነው። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሞኒዬ አትክልተኛ ነበር። የሸክላ ማሰሮ ይሰበርበታል፤ የእንጨቱ ይበሰብስበታል። ስለዚህ የሽቦ ወንፊት ሠርቶ በሲሚንቶ ለሰነው፤ እ.ኤ.አ. በ1867ም የአበባ መትከያውን በስሙ አስመዘገበ። ቀጥሎ የውሃ ገንዳ፣ ቱቦ፣ በ1875 ደግሞ ሻዘሌ በሚባል ቦታ ለአንድ መስፍን ግቢ ትንሽ ድልድይ ሠራ። ስሌቱን አያውቅም ነበር፤ እጁ ነው ያወቀው። ስሌቱን የሠሩለት ጀርመኖች ናቸው፤ ገንዘቡም እነሱ ዘንድ ቀረ። ሞኒዬ ከስሮ በድህነት ሞተ። ዛሬ በየሰፈራችን ለሚፈሰው አርማታ ቅድመ አያቱ የአበባ ማሰሮ ነው ማለት ነው።

የተሸሸገው ጣጣ ግን እዚያው ማሰሮ ውስጥ ነበር። አዲስ ኮንክሪት በጠባዩ እንደ አመድ ውሃ ያለ ኃይለኛ አልካላይ ነው፤ በዚያ ውስጥ የተቀበረ ብረት አይዝግም። ዓመታት ሲያልፉ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከላይ ወደ ታች ጥቂት በጥቂት እየገባ ያን ኃይል ያበርዳል። ፌሮው ጋ ሲደርስ መከላከያው ያበቃል፤ እርጥበት ካለ ዝገት ይጀምራል። ዝገት ደግሞ ቦታ ይፈልጋል፤ ከበላው ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ። ቦታ ሲያጣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል። አጥራችሁ ኮለን ላይ ወደ ታች የወረደ ቀጥ ያለ ስንጥቅና ቡናማ እንባ ካያችሁ፣ ይኸው ነው።

ይህ ሳይታወቅ ሲሚንቶ የጥገና ሁሉ መድኃኒት ሆነ። አቴንስ ውስጥ ኒኮላዎስ ባላኖስ የተባለ መሐንዲስ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የፓርተኖንን እብነ በረድ በብረት ማያያዣና በሲሚንቶ ሲጠግን ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1931 የዓለም ቅርስ ጠጋኞች እዚያው አቴንስ ተሰብስበው በአስተዋይነት እስከተሠራበት ድረስ አርማታን ጨምሮ ዘመናዊ ዘዴ ለጥንታዊ ሐውልት እንዲውል ተስማሙ። የባላኖስ ብረት ግን ዛገ፤ ለሁለት ሺህ ዓመታት የቆየውን እብነ በረድ ሰነጠቀ። ከ1975 ጀምሮ ግሪኮች የጠጋኙን ሥራ ሲያፈርሱና ብረቱን በማይዝግ ታይታኒየም ሲተኩ ኖረዋል።

ጣልያን ጎንደርን ይዞ የአማራ ግዛት ብሎ ለሰየመው አስተዳደር መቀመጫ ሲያደርጋት፣ ከአቴንሱ ስምምነት ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ነበር። ግንቦቹን የጠገነው በሲሚንቶና በአርማታ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ላትወዱት ትችላላችሁ። ወራሪው ጎንደርን አክብሮ ነው የጠገነው እያልኩ አይደለም፤ የወራሪ ጥገና የራሱ ዓላማ አለው። ሲሚንቶውን ያስገባው ግን የተለየ ተንኮል ሳይሆን የዘመኑ ዕውቀት ነው። የዘመኑ ዕውቀት ደግሞ ጠንካራ ነገር ሁልጊዜ ከለስላሳ ይሻላል ይል ነበር። ለስላሳው የኖራ ግንብ ላይ ጠንካራ ሲሚንቶ ሲለጠፍ ውሃው በስንጥቅ ይገባል፤ መውጫ ግን ያጣል። ግንቡ ሲንቀሳቀስ ሲሚንቶው አይንቀሳቀስም። ከውጭ ጤነኛ የመሰለው ግንብ ከውስጥ ይበላል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከመመዝገቡ በፊት፣ በ1970ዎቹ የተጀመረው ጥገና ወደ ኖራ የተመለሰውም ለዚህ ነው።

ጣልያን ሄደ፤ ሲሚንቶው ቀረ። ቋንቋውም ቀረ። አንድ ግንበኛ ሲያወራ ስሙት፦ ሲሚንቶ፣ ማልታ፣ ፌሮ፣ ቶንዲኖ፣ አርማታ። የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካችን ድሬዳዋ ላይ የተቋቋመውም በዚያው በወረራው ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ሙገር መጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ በ2017 መጀመሪያ የለሚው ግዙፍ ፋብሪካ ተመረቀ። ከዚህ ሁሉ ጋር ኖራን የሚያቦካ ግንበኛ ከየሰፈሩ ጠፋ። ዛሬ ኖራ ስንል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የዛፍ ግንድና የመንገድ ጠርዝ ማቅለሚያው ነው።

አሁን ወደ አጥራችሁ።

መጀመሪያ አጥሩ ከምን እንደተሠራ እወቁ። አዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች ውስጥ ከላይ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ውስጡ ግን ድንጋይና ጭቃ የሆነ አጥር ሞልቷል። ይህ የጎንደር ወንድም ነው። ልስኑ ሲነፋና ሲወድቅ ይበልጥ ጠንካራ ልስን መደረብ ለሚቀጥለው ክረምት ቀጠሮ መያዝ ነው። የሚሻለው የተነፋውን ማውረድ፣ አናቱን ውሃ እንዳያስገባ መክደን፣ መገጣጠሚያውን በኖራና በአሸዋ መሙላት ነው። ኖራ የሚያቦካ ሰው ካጣችሁ ሲሚንቶውን በጣም አሳንሶ ከኖራ ጋር መቀላቀል ከንጹሕ ሲሚንቶ በብዙ ይሻላል።

ኮለንና ቢም ያለው የብሎኬት አጥር ከሆነ ግን ሲሚንቶ ትክክለኛ መድኃኒቱ ነው፤ አወሳሰዱ ላይ ነው ነገሩ። ከመርገጋችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። ሁለት ቦታ ነው የሚገኘው። አንዱ አናቱ ነው፤ ጠርሙስ ስባሪ የተሰካበት፣ ክዳን የሌለው፣ ዝናብ እንደ ስፖንጅ የሚጠጣው። ሌላው እግሩ ነው፤ አጥሩን ተደግፎ አፈር ተከምሮ አበባና ጎመን የተተከለበት፣ ማታ ማታ በጎማ የሚጠጣው። አትክልቱን አንድ ክንድ ያህል ካላራቃችሁት የቀረውን ባታነቡትም ይሻላል።

ከዚያ በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የተነፋው ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ባዶ የሚለውን ሁሉ በመሮ አውርዱት። ፌሮ ላይ ከደረሳችሁ ዝገቱን ከፊት ብቻ ጠርጎ መተው የዚህ አገር ትልቁ የጥገና ስሕተት ነው። ከብረቱ ጀርባ ጣት እስኪገባ ፈልፍሉ፤ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪነጣ ፈትጉ። ቀጥኖ ከሆነ አዲስ ፌሮ ጎን ለጎን ይታሰርለት። አቧራውን አጥባችሁ አሮጌው ኮንክሪት ውሃ ይጠጣ፤ ላዩ ላይ የቆመ ውሃ ግን አይኑር። ቀጠን ያለ የሲሚንቶ ውሃ ቀቡና ሳይደርቅ ማልታውን ጫኑበት፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ። አሸዋው የታጠበ ይሁን፤ ጭቃ ያለበት አሸዋ ሲሚንቶውን ከብረቱና ከድንጋዩ ይለያየዋል። ውሃ አታብዙ፤ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ይዞ የሚቆም፣ የማያንጠባጥብ ይበቃል። ጓንት አድርጉ፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ይልጣል። በአንዴ ከመለጠፍ በደረጃ እየጠቀጠቁ መሙላት ይሻላል፤ ፌሮው ላይም ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሽፋን ይኑር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ እጁን ይታጠባል። ሲሚንቶ ግን የሚጠጥረው በመድረቅ ሳይሆን ውሃን በመብላት ነው። ኬሻ አልብሳችሁ ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ውሃ አጠጡት። ለአትክልቱ የነበረው ጎማ አሁን እዚህ ይምጣ።

ስንጥቁ ሰያፍ ሆኖ ከመሬት ተነሥቶ የሚወጣ ከሆነ ወይም አጥሩ ወደ መንገድ ካዘመመ፣ ይህ ሁሉ አይሠራም። መሠረቱ ነው የሄደው። በእንዲህ ያለ አጥር ላይ ማልታ መለጠፍ አደጋውን ከዓይን መሸፈን ነው፤ በሥሩ ተማሪ ያልፋል፣ ሱቅ በደረቴ ይቀመጣል። በዚያ ጊዜ በመጀመሪያ ጎረቤትን አስጠንቅቁ፣ ሰው እንዳይጠጋ ገመድ አስሩ፣ ከዚያ ባለሙያ ጥሩ።