ጨው በረዶውን ሲያቀልጥ አፈሩን እንዳይጎዳ

የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንደሚታወቀው በአካባቢው በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደንብ መሠረት፣ በረዶ መጣሉን ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ባለቤቱ ከቤቱ ጋር የሚዋሰነውን የእግረኛ መንገድ የማጽዳት ግዴታ አለበት። እኔም እናቴ እንዳትወድቅብኝ በመስጋት ለዓመታት ጨው በላይ በላዩ ስነሰንስ ኖርኩ። አንድ ጸደይ ላይ ግን በመንገዱ ዳር ያለችው ጽጌረዳ ቅጠሏ ከጠርዙ እየተቃጠለ ደረቀች። እናቴ በሶብላ የምትዘራበት መደብም ጠጥሮ ውኃ አላሰርግ አለ። ጥፋቱ የራሴ ነበር።

ተራው የበረዶ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ሶዲየሙ በአፈሩ ውስጥ የካልሲየምንና የማግኒዚየምን ቦታ ይወስዳል። በተለይ ሸክላማ አፈር ሲሆን ቅንጣቶቹ ይበታተኑና አፈሩ ይደፈናል፤ ውኃና አየርም በቀላሉ አያሳልፍም። ክሎራይዱ ደግሞ በሥር በኩል ገብቶ ቅጠል ላይ ይከማቻል። ጨው የበዛበት አፈር እርጥበት ቢኖረውም ሥሩ ውኃውን መሳብ ስለሚያቅተው ተክሉ ይጠማል። በአዋሽ ሸለቆ፣ በአሚባራ የመስኖ እርሻዎች ጨዋማነት ያስከተለውን ጉዳት ለሚያውቅ ሰው፣ መነሻው ቢለያይም ውጤቱ እንግዳ አይሆንበትም።

ታዲያ ምን እንግዛ? በገበያ ላይ ያሉት ምርቶች ዋና ዋና ባሕርያት የሚከተሉት ናቸው።

ሶዲየም ክሎራይድ፦ ርካሽ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ይደክማል።

ካልሲየም ክሎራይድ፦ ሲሟሟ ሙቀት ስለሚያወጣ ከዜሮ በታች እስከ 29 ዲግሪ ገደማ ይሠራል። ሶዲየም ስለሌለው የአፈሩን አወቃቀር እንደ ተራው ጨው አያበላሽም። ክሎራይዱ ግን ሲበዛ ተክልን ያቃጥላል።

ማግኒዚየም ክሎራይድ፦ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ያገለግላል። ጥቅሙም ጉዳቱም ከካልሲየም ክሎራይድ ጋር ይቀራረባል።

ዩሪያ፦ ማዳበሪያ ነውና ተክል አይጎዳም ብሎ መገመት ስህተት ነው። ሲበዛ ያቃጥላል፤ ናይትሮጅኑም ታጥቦ ወንዝ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሜሪላንድ የማዳበሪያ አጠቃቀም ሕግ ማዳበሪያ ለበረዶ ማቅለጫነት እንዳይውል ይከለክላል።

ካልሲየም ማግኒዚየም አሲቴት፦ ሶዲየምም ክሎራይድም የለውም፤ ለአፈርና ለተክል የተሻለው ይኸው ነው። ዋጋው ግን ከተራ ጨው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ካለፈም ይደክማል። በብዛት ወደ ውኃ አካል ከገባ ሲበሰብስ ኦክስጅን ስለሚሻማ እሱም ቢሆን በልክ ነው።

አሸዋ፦ በረዶ አያቀልጥም፤ መንሸራተትን ግን ይቀንሳል።

በከረጢቱ ፊት የተጻፈው «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ገልብጠው የይዘቱን ዝርዝር ያንብቡ። ከምርጫው ባልተናነሰ መጠኑም ወሳኝ ነው። 46 ካሬ ሜትር ለሚሆን ንጣፍ አንድ ትልቅ የቡና ኩባያ፣ ማለትም 340 ግራም ገደማ ተራ ጨው በቂ ነው። አስቀድመው በአካፋ ይዛቁ፤ ጨው የነካውን በረዶ ተክል ሥር አይከምሩ፤ መንገዱ ሲደርቅ የቀረውን ጨው ጠርገው ለሚቀጥለው ጊዜ ያስቀምጡ።

አፈሩ ከተጎዳ፣ በጸደይ ውኃ ወደ ታች የሚሰርግበት ከሆነ ደጋግሞ በብዙ ውኃ ማጠጣት ጨውን ያወርዳል። ሶዲየም ለበዛበት አፈር ጂፕሰም መጨመርም ይረዳል፤ ካልሲየሙ የሶዲየሙን ቦታ ይወስዳል፣ የተፈናቀለውን ደግሞ ውኃው ያጥበዋል።

እኔ አሁን በደረጃው ላይና በመደቡ አጠገብ አሲቴቱን፣ ራቅ ባለው የመኪና መግቢያ ላይ አሸዋ እጠቀማለሁ። ኃይለኛ ብርድ ሲመጣ ብቻ ጥቂት ካልሲየም ክሎራይድ አወጣለሁ። የእናቴ ደህንነት ከጽጌረዳ እንደሚበልጥ አልጠራጠርም። ሆኖም ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ እንዳልነበረ የተረዳሁት ጽጌረዳዋን ካጣሁ በኋላ ነው።